የውጫሌ ውልና የታመመው ሕፃን

ከደሴ ተነሥቶ የወልድያን መንገድ የያዘ መንገደኛ አስቀድሞ ሐይቅን፣ ቀጥሎም የአምባሰልን ተራሮች ያገኛል። ስለ ሁለቱ ስፍራዎች ምንም የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ ብለን አናምንም። ሐይቅ ሲባል የእስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐና የዓቃቤ ሰዓትነት ማዕርግ ይነሣሉ። አምባሰል ሲባል ቅኝቱ ይነሣል፤ ከቅኝቱም ቀጥሎ በወረዳው ውስጥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ይነሣል። በእኛ ፋኩልቲ ስለ እነዚህ ሁሉ ያልተጻፈ ወረቀት፣ ያልተደረገ ክርክር የለም። ነገር ግን በዚያው አገር የሚኖር አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በታመመ ጊዜ እናቱ ለነርሱ ምን ብላ እንደምትነግርለት፣ ነርሱስ እናቲቱን ምን ብሎ እንደሚጠይቃት አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። «እርሱ የጤና ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብለን ትተነዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ጉዳዩ የእኛም መሆኑን ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የገጠመን ነው። ከውጫሌ በላይ ካለው ደጋ የምትኖር የአክስታችን ልጅ የዘጠኝ ወር ሕፃኗ ታሞባት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወርድ አብረናት ወረድን። ሕፃኑ ሦስት ቀን ሲያስለውና ሲያተኩሰው ሰንብቷል። ጤና ጣቢያው ስሙ አይጠቀስ፤ እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም ሊሆን ይችላልና። ተራችን እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ያየን ነርስ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር፤ በፊቱም ከእኛ በኋላ የሚጠብቁ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ነርሱ መዝገቡን እያየ ጥያቄዎቹን በልቡ እየተረጐመ ይጠይቃት ጀመር።

«ራሱን ስቶ ያውቃል?»

«ኧረ የለም! ዛሬስ አልሐምዱሊላህ ጸጥ ብሎልኛል፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ።»

«ጡት ይጠባል?»

«እንጥሉ ወርዶ ነው መሰለኝ፣ ትንሽ እንቢ ብሎኛል እንጂ ይጠባል።»

ነርሱ በሁለቱም ላይ «የለም» የሚለውን ምልክት አደረገ። የሕፃኑን ደረት ጥቂት ተመለከተ፤ አንድ ደቂቃ የሞላ አይመስለንም። ለሳል የሚሆን መድኃኒት ጻፈና አሰናበተን። በሩን አልፈን ስንወጣ ግን በኮሪደሩ የምታልፍ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሲስተር የሕፃኑ ራስ በእናቱ ክንድ ላይ እንደ ጨርቅ መውደቁን አየች። አስቆመችንና የእግሩን መዳፍ በጣቷ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ ዐይኑን ከፈት አድርጎ መልሶ ጨፈነው። «የኔ እኅት፣ ጡቱን ስትሰጪው ይጎትታል ወይስ አፉን ከፍቶ ይተወዋል?» አለቻት። እናትየዋ ጥቂት ዝም ብላ «ከትናንት ማታ ጀምሮ አይጎትትም» አለች። ሲስተሯ ውኃ በማንኪያ አስመጣችና በከንፈሩ ላይ ብታደርግለት በአፉ ጥግ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው በጥድፊያ ነበር፤ የመጀመሪያው መርፌ እዚያው ተወጋ፣ የሪፈር ወረቀት ተጻፈ፣ መኪና ተፈለገ። ሕፃኑ ተርፏል። አሁን ግድግዳ እየያዘ እንደሚሄድ በስልክ ሰምተናል።

ወጣቱን ነርስ ለመክሰስ ይህን አልጻፍንም። እኛም እኮ አብረን ተቀምጠን ነበር፤ አማርኛ እናጠናለን የምንለው እኛ «ጸጥ ብሎልኛል» የሚለውን ቃል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ሲስተሯ ከወጣቱ ነርስ የበለጠ መጽሐፍ አንብባለች ብለንም አናስብም። የጠየቀችው ያንኑ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ እናት በምታየው ነገርና በምትናገርበት ቃል መጠየቋ ነበር።

ይህን ካየን በኋላ የነርስ ተማሪዎች ከሆኑ ወዳጆቻችን ዘንድ ሄደን የሚማሩበትን መጽሐፍ ተዋስን። በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ተዘጋጅቶ በአገራችንም ሥራ ላይ የዋለ የሕፃናት ሕመም መመርመሪያ ሥርዓት ነው። ያለ ኤክስሬይና ያለ ላቦራቶሪ፣ በመጠየቅ፣ በማየት፣ በማዳመጥና በመዳሰስ ብቻ የሚሠራ ነው። እኛ ከባድ ሳይንስ እናገኛለን ብለን ስንጠብቅ ያገኘነው አብዛኛው ጥያቄ ነው። ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን ሁሉ፣ ሕመሙ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ የሚፈለጉት አራት የአደጋ ምልክቶች ናቸው፤ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ በዚህ ሕመም ጊዜ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ከአራቱ አንዱ ከተገኘ ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል በአስቸኳይ መሄድ አለበት። ከዚያ በኋላ ስለ ሳል፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትኵሳት፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ አመጋገብ በየተራ ይጠየቃል።

ከሁሉ ያስደነቀን የትንፋሹ ቆጠራ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ ከሳል ጋር ሲሆንም እንደ ሳንባ ምች ይታከማል። በሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያልና። በጥንቱ ሐይቅ የገዳሙ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ይባል ነበር። ዛሬ በዚያው አገር ስልሳ ሴኮንዱን ሳያጓድል የሚጠብቅ ነርስ ይህ ማዕርግ አይበዛበትም እንላለን።

ቀሪውም እንዲሁ ነው። የሆድ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከፈጀ፣ ዐይኑም ከጎደጎደ፣ ሕፃኑ ብዙ ፈሳሽ አጥቷል። የላይኛው ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ሁለቱ እግሮች በአውራ ጣት ተጭነው ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት አለ። የወሎን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህን የክንድ መለኪያ ማየት ቀላል አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ዳር የወደቁት ሕፃናት ክንድ ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ መዝገቡም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ግን ገና አፉን ያልፈታ ነው፤ ስለ እርሱ የምትናገረው እናቱ ናት፤ እርሷም የአምባሰል አማርኛ ነው የምትናገረው። ነርሱም አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ ችግር የለም ይባላል። እኛ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው እንላለን። የማያውቀውን ቋንቋ የሚሰማ ሰው አለማወቁን ያውቃልና አስተርጓሚ ይፈልጋል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ግን ሳይግባቡ የተግባቡ ይመስላቸዋል።

አራቱን ምልክቶች በሐይቅና በአምባሰል እናቶች ቃል እንመልከታቸው። ሕፃኑ መጥባት ሲያቅተው እናቱ ብዙ ጊዜ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ትላለች፤ መድኃኒቱም እንጥል ቆራጭ ዘንድ መውሰድ ይመስላታል። የጤና ባለሙያው «እንጥል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ስለ ጎጂ ልማድ የተማረው ትዝ ይለውና ወይ ይቆጣታል፣ ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ግን እናትየዋ የመጀመሪያውን የአደጋ ምልክት ነግራዋለች። ማስመለስም እንዲሁ ነው። «ያስመልሰዋል?» ቢሏት አንድ ጊዜ ያስመለሰውም «አዎ» ይባላል፤ መጽሐፉ የሚፈልገው ግን ምንም በሆዱ አለመቅረቱን ነው። «ከሰጠሽው ውስጥ ሆዱ ውስጥ የሚቀር አለ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ መልስ ያመጣል። ይህም ካላጠገበ በፊት ለፊት ውኃ አጠጥቶ ማየት ነው፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው የባሰ ነው። «የሚጥል በሽታ አለበት ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። የትኛዋ እናት ናት በሰው ፊት በልጇ ላይ ይህን ስም የምታወጣ? ከትኵሳት የተነሣ አንድ ጊዜ የተንዘፈዘፈ ሕፃንና የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ለእርሷ አንድ አይደሉም፤ ለሐኪሙም አንድ አይደሉም፤ ጥያቄው ግን አንድ አደረጋቸው። ሌላዋ ደግሞ ነገሩን ልክፍት ነው ብላ ስለምታምን ለነርስ የሚነገር ነገር አይመስላትም፤ ለሚመለከተው ሰው በቤቷ ትነግራለች። «እጅና እግሩ ድርቅ ብሎ፣ ዐይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ያውቃል?» ቢባል ግን ያየችውን ትናገራለች። አራተኛውን በዐይናችን አይተነዋል። ሲያለቅስ ያደረ ሕፃን ዝም ሲል ለደከመች እናት ዕረፍት ነው፤ ለነርሱ ደግሞ የመጨረሻው ደወል ነው። «ጸጥ ብሎልኛል» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን «ልኛል» ልብ በሉ። ምስጋና ናት።

የአምባሰል እናት ያየችው ነገር ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ነርሱ ከሰጠው ስም የተለየው እርሷ ያወጣችለት ስምና የነገረችው ምክንያት ነው። ስሙን ንቆ የጣለ ባለሙያ ያየችውንም አብሮ ይጥላል። «ቁና ቁና ይተነፍሳል» የምትል እናት በሰዓት የሚቆጠረውን ነገር ያለ ሰዓት አይታዋለች። «የጥርስ ነው እንጂ ተቅማጥስ የለውም» የምትል እናት በቀን ስድስት ጊዜ የሚያስቀምጠውን ሕፃን ይዛ ነው እንዲህ የምትለው፤ ጥርስ ሲያወጣ የሚያስቀምጠው ለእርሷ በሽታ አይደለምና። በሌላ ስፍራ ደግሞ ይኸው ግግ ነው ተብሎ ድዱ ይቀደዳል።

የእኛ የተማርን ሰዎች ቃልም ከነቀፋ አያመልጥም። «የሳንባ ምች» የሚለውን ስም እንመልከት። ምች በአገራችን የታወቀ ነው፤ ፀሐይ የመታው፣ ላብ እያለው ብርድ ያገኘው ሰው የሚታመመው ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ አሽቶ መቀባትና ማሽተት ነው። ሳይንስ ያወቀውን፣ ብዙ ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያስፈልገውን፣ በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉት ተላላፊ በሽታዎች ቀንደኛ የሆነውን ደዌ ወስደን በዚህ ስም ጠራነው። እናትየዋ «የሳንባ ምች ነው» ተብላ አሞክሲሲሊን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ስትገባ የሰማችው «ምች» የሚለውን ቢሆንና በሁለተኛው ቀን ሕፃኑ ሲሻለው ኪኒኑን ትታ ዳማከሴ ብታሽለት ጥፋቱ የማን ነው? ቃሉን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ መመርመር የቋንቋ ተማሪ ሥራ ነው፤ ቃሉ ምን እንዳደረሰ መመርመርም እንዲሁ።

ስለ ውኃውም አንድ ነገር እንበል። አንዱ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ውኃው ካነሰ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል። በአምባሰል ቤት ግን ሊትር የሚባል ዕቃ የለም፤ ጣሳ፣ ብርጭቆ፣ ጆግና ሃይላንድ አሉ። ሃይላንድ የሚባለው የላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ግማሽ ሊትሩም፣ አንድ ሊትሩም፣ ሁለት ሊትሩም ያው ሃይላንድ ነው። «በአንድ ሃይላንድ በጥብጪው» ብሎ ያሰናበተ ባለሙያ ሦስት ልዩ ልዩ መድኃኒት አዘዘ ማለት ነው።

ከይስማ ንጉሥ ሥር ቆመን ይህን ስናስብ የውጫሌ ውል ባያሳስበን ኖሮ ይገርም ነበር። ሁላችንም እንደምናውቀው አንድ ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ፤ ሁለቱም የተስማሙ መሰላቸው። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ የሚያስገድዳቸው ሆኖ ተተረጐመ። በዚያ አንድ ግሥ የተነሣ የመጣውን ነገር ዓድዋ ድረስ ተከትለን በየዓመቱ እንማረዋለን፤ ተንኰል ነበረበት ወይስ ስሕተት እያልን እንከራከራለን። በዚያው ወረዳ በየቀኑ በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ እናት በአማርኛ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱ ሳይመሳከሩ ምልክት ይደረግበታል። እዚህ ተንኰል የሚባል ነገር የለም፤ እናቲቱም ነርሱም ሕፃኑ እንዲድን ይፈልጋሉ።

ይህን ችግር ያየን እኛ ብቻ አይደለንም። በቤንጋል ምድር እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በጦርነት ጊዜ በስደተኞች ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅበት ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጦ በቤተ ሰዎቻቸው እጅ አስጠጣቸው፤ ከ100 በሽተኞች ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ከዚያም ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች እየዞረ እናቶችን በጣት ቆንጥጠው ጨው፣ በእፍኝ ዘግነው ያልነጠረ ስኳር እንዲበጠብጡ አስተማረ። እናቶቹ ትምህርቱን በቃላቸው አጥንተው ያዙት። ነገር ግን ብዙዎቹ በሥራ ላይ አላዋሉትም። ምክንያቱ ሲመረመር እናቶቹ ተቅማጥን በአራት ስም ለያይተው የሚያውቁ ሆነው ተገኙ፤ አስተማሪዎቹ ይዘውት የመጡት ቃል ግን ለእናቶቹ ከአራቱ የአንዱን፣ የብርቱውን ውኃማ ተቅማጥ ብቻ ስም ነበር። ለሌሎቹ ሦስቱ መድኃኒቱ አልታዘዘም ብለው አሰቡ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ አራቱንም በየስማቸው እየጠራ ይሰጥ ጀመር። የአምባሰሏን «የጥርስ ነው» ከዚህ ጋር አስተያዩት።

በአገራችን ምንም አልተደረገም እያልን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ ገልጾ ነበር፤ የ2008 ዓ.ም. ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 መውረዱን አሳየ። ይህ የክትባት፣ የመድኃኒት፣ የመንገድና የብዙ ሰው ድካም ውጤት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማንሣት ይገባናል። የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ለእንጥሉም፣ ለጥርሱም፣ ለልክፍቱም ስሙን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ መፈቀዱ ታላቅ ነገር ነበር። እኛ እንደምናየው ቃሉ የሚጠፋው ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲወጣ ነው። ትምህርት ከፍ ባለ ቍጥር መስማት ዝቅ ይላል፤ ይህ የነርሶች ብቻ ሳይሆን የእኛ የሁላችን በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ሳናነሣው የማናልፈው ነገር አለ። በዚህ ግቢ የነርስ ትምህርትን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። «ሐኪም መሆን ያልቻለ ነው» ይባላል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ በ1931 ዓ.ም. ዲፕሎማዋን ተቀበለች፤ ከነፃነት በኋላም በደሴ ሆስፒታል ሠርታለች። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ሞተች። የንጉሥ ልጅ ስለ ሆነች አይደለም የምንጠቅሳት፤ ሌላ ብዙ ሥራ ሊሰጣት ሲችል የመረጠችው የታመመ ሕፃን ማስታመም ስለ ነበረ ነው። የደሴ ሆስፒታልም ከሐይቅ ብዙ አይርቅም።

ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ባነበብንላቸው ጊዜ ተቃውሞ አልጠፋም። አንዱ የነርስ ተማሪ «እናንተ ስለ ቃል ታወራላችሁ፤ እኛ ግን በቀን ሰባ ሰው እናያለን፤ አሞክሲሲሊኑም አንዳንድ ጊዜ የለም» አለን። ሐቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደቡብ ወሎ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች፣ የደሴው ትልቅ ሆስፒታል ሳይቀር፣ ተዘርፈዋል፤ ሚዛን በሌለበት ክፍል ስለ ግሥ መከራከር ያሳፍራል። ይሁን እንጂ በዚያን ቀን በጤና ጣቢያው መርፌው ነበር፤ መኪናም ተፈልጎ ተገኝቷል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሲስተሯ ለመጠየቅ ሩብ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሰባ ሰው የሚያይ ባለሙያ ደግሞ ከማንም ይልቅ የማያሳስት ጥያቄ ያስፈልገዋል። ሌላው ወዳጃችን «እንግሊዝኛውን ከተዋችሁት የዓለምን መጽሐፍ በምን ልታነቡት ነው?» አለ። ማንም ይተው አላለም። ነርሱ በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ ነገር ግን በአማርኛ መጠየቅንም ይማር፤ ይፈተንበትም። የዛሬው ፈተና ምልክቶቹን በእንግሊዝኛ መዘርዘሩን ይመዝናል። አንዲት እናት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ከእርሷ አፍ አራቱን ማውጣት መቻሉን የሚመዝን ፈተና መኖሩን ጠይቀን ያገኘነው መልስ ፈገግታ ነው። አማርኛ በአፍ መፍቻነት በሚነገርበት በአምባሰል እንዲህ ከሆነ፣ በዚያው በወሎ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ለሚናገሩት እናቶች ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለአንባቢ እንተዋለን።

ከእኛ የቀደሙት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል፤ የወሎን ረሃብ ከመሸፈን ካወጡትም መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከነርስ ተማሪዎች ጋር ሁለት ሁለት ሆነን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እናቶች ስለ ታመመ ሕፃን የሚናገሩትን ቃል በየወረዳው እንሰብስብ። ቃሉ እንደ ተነገረ ይጻፍ፤ ሳይታረም፣ ሳይሣቅበት። ከጎኑም የነርስ ተማሪው ምን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ይጻፍበት። የማኅበራችን ማባዣ ይህን መጽሔት ካባዛ ያንንም ማባዛት አያቅተውም።

እኛ ጀምረናል። በሐይቅ ገበያ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰበሰብናቸው ቃላት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። አንድ ነገር ግን ስም አጥተንለታል። ሕፃኑ አየር ሲስብ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል፤ ነርሶች እጅግ የሚፈሩት ምልክት ነው። የጠየቅናቸው እናቶች ሲያዩት እንደሚያውቁት በእጃቸው አሳዩን፤ በአንድ ቃል የጠራልን ግን አልተገኘም። ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከውርጌሳ ወይም ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቤታችሁ ይህ ምን ይባላል? እናታችሁን ደውላችሁ ጠይቁና ንገሩን።